ስም ያልጠራሁበት ሐተታ

ይህን ነገር እስከ ዘንድሮ ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። እሳቸው ፊት በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ተንበርክኬ ስንቱን ዘርዝሬያለሁ፤ ሰው አማሁ ብያለሁ፣ ጾም ገደፍኩ ብያለሁ፣ የጎረቤት ዶሮ በድንጋይ መትቼ እግሯን ሰበርኩ ብዬ እንኳ ተናዝዤ ስግደት ተቀብያለሁ። ይህኛውን ግን ሁልጊዜ እዘለው ነበር። ረስቼው አይደለም። ኃጢአት ነው ብዬ አልቆጠርኩትማ! ሥራ ነው ብዬ ነው የያዝኩት። ደመወዝ የተከፈለኝ፣ አለቃዬ ያመሰገነኝ፣ ገበያ ሙሉ ሰው ቆሞ የሰማው ነገር እንዴት ኃጢአት ይሆናል? እንዲህ እያልኩ ራሴን ስደልል ኖሬ አረጀሁ። አንባቢዬ፣ እርስዎን አላውቅዎትም፤ ድፍረቱ የመጣልኝም ለዚህ ይሆናል። ብቻ ይስሙኝ፤ እስክጨርስም አይዘኑልኝ።

ያጠፋሁትን አስቀድሜ ልናገር፤ ነገር ማዞር ማጠማዘዙ ነው ለዚህ ያበቃኝ። እውነቱን እያወቅሁ ውሸት ጻፍኩ። የጻፍኩትም በአበልጄ ላይ ነው። ስሟ ወይዘሮ የሻረግ ነው። ያኔ ያልጠራሁትን ስም ዛሬ ከመጀመሪያው ልጥራው። የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ እሷ ናት። በእኛ አገር አበልጅ ምን ማለት እንደሆነ አልነግርዎትም፤ አበልጁን የከዳ ሰው ከማን ጋር እንደሚቆጠርም እርስዎው ያውቁታል።

ሥራዬ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሐተታ መጻፍ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም ባልጠራ አይቀየሙኝ፤ የጻፈው እጅ የእኔ ነው፣ ያነበበው አፍም የእኔ ነው። የዛሬ ልጆች ሐተታ ምን እንደሆነ አያውቁት ይሆናል። ዜናው የሆነውን ይነግርሃል፤ ሐተታው ደግሞ በሆነው ነገር ማንን መጥላት እንዳለብህ ይነግርሃል። መሥሪያ ቤታችን ጣሪያ ላይ የድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ነበር፤ አፉ ወደ ገበያው የዞረ። ገበያ ቀን ረፋዱ ላይ ዜናው ይነበባል፣ ከዚያ የእኔ ሐተታ ይከተላል። ዶሮ በብብቱ የያዘው ገበሬ ይቆማል፣ ባለ ጋሪው ፈረሱን ይገታል፣ ሴቶቹ ስፍር ያቋርጣሉ። እኔ በመስኮቱ አያቸዋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። ምን ያህል ደስ ይለኝ እንደነበር ዛሬ ሳስበው በራሴ አፍራለሁ።

አንድ ዓመት በርበሬ ጠፋ። በርበሬ ከጠፋ ደግሞ እኛ ጋ ሰላም የለም። ዋጋው በየገበያው እየዘለለ ሴቱ ሁሉ ያለቅስ ጀመር፤ ሠርግ ያለበት ቤት ጭንቅ ያዘው። አለቃዬ «ሂድና ምን እንደሆነ አይተህ ና፤ ለገበያ ቀን ሐተታ ይደርሳል» ብሎ ወደ ቡሬ ላከኝ። ከቡሬ ወረድ ብሎ ያለ ቀበሌ ሄድኩ። አያ ሙሉ የሚባሉ ገበሬ ማሳቸው ውስጥ አስገቡኝ። ማሳው ከሩቅ ሲያዩት የቆመ ነው፤ ሲጠጉት ቅጠሉ ሁሉ ጠውልጎ ተንጠልጥሏል። አንዱን እግር ነቅለው ሰጡኝ።

«ይኸውልዎ፣ ሥሩን ይዩት እስቲ። በቁሙ ነው የሞተው።»

ሥሩ ጠቁሮ በስብሶ ነበር፤ በጣቴ ስነካው ተላጠ። የሳቸው ብቻ አልነበረም፤ ጎረቤታቸውም፣ የጎረቤታቸውም ጎረቤት እንደዚያው። ዛላ የሚባል ነገር ከዚያ ሁሉ ማሳ ጆንያ የሚሞላ አልተገኘም። አያ ሙሉ ቤታቸው ወስደው አበሉኝ፣ አጠጡኝ። ስወጣም በሩ ድረስ ሸኝተውኝ፣ «እንግዲህ አንቱ አፍ ያለዎት ሰው ነዎት፤ ይህን ይንገሩልን። የታመመ ማሳ ላይ ደግመን እንትከል አንትከል የሚያውቅ ሰው ይላኩልን» አሉ። እሺ አልኩ። በልጄ ስም ምዬ እሺ አልኩ።

ተመልሼ ለአለቃዬ ነገርኩት። ሳቀ። «በሽታን ማን ይቀየማል?» አለኝ። «ሕዝቡ ተናድዷል፤ ለተናደደ ሰው የበሰበሰ ሥር ብታሳየው ምን ያደርግበታል? ሰው አሳየው።» እኔስ ምን አልኩት? እዚህ ላይ ተከራከርኩ ብዬ ብዋሽዎ ደስ ባለኝ። አልተከራከርኩም። «ልክ ነዎት» ነው ያልኩት። ነገሩ ልክ መስሎኝ ነበር ልበል? እሱም ውሸት ነው። ጽሑፉ ስለ ሥር መበስበስ ከሆነ ገበያው ቆሞ እንደማይሰማኝ ገባኝ፤ ይኸው ነው። የፈራሁት አለቃዬን አልነበረም። የፈራሁት ሰዉ ሐተታዬን ሳይጨርስ ወደ ስፍሩ እንዳይመለስ ነው።

ከዕቃ ቤት የቆዩ መጽሔቶች ነበሩ፤ ካለፈው መንግሥት የተረፉ፣ አይጥ ጠርዛቸውን የበላቸው። ቃል ሲጠፋኝ እዚያ ገብቼ መቃረም ልማዴ ነበር። አንድ የጤፍ ሐተታ አገኘሁ። እንዴት ያለ ጽሑፍ! ጤፍ የተወደደው በአድኃሪ ነጋዴ እንደሆነ ይናገራል፤ ያ ነጋዴ ሕዝብ ፊት ጻድቅ፣ ጓዳው ውስጥ ቀማኛ እንደሆነ ይዘረዝራል። ጤፍ የሚለውን አወጣሁና በርበሬ አስገባሁ። አድኃሪ የሚለውን አወጣሁና ስግብግብ አስገባሁ። የቀረውን ብዙም አልነካሁትም። እንደ ጋቢ ነው፤ የማንም ትከሻ ላይ ቢጥሉት ልክ ነው። ያኔ አንድ ጊዜ ብቆምና «ለምንድን ነው ለሁሉም ልክ የሚሆነው?» ብዬ ራሴን ብጠይቅ ምን ነበረበት? ዘመን ተለውጦ፣ መንግሥት ተለውጦ፣ እህሉ እንኳ ተለውጦ፣ ጥፋተኛው ሳይለወጥ የሚቀርበት ምክንያት ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅስ? አልጠየቅኩም። ተመችቶኝ ነበራ!

የጎደለኝ ሰው ብቻ ነበር። ሴትዮዋንም አገኘኋት።

ከዚያ በፊት በነበረው ሚካኤል የማኅበራችን ተራ የወይዘሮ የሻረግ ነበር። የሻረግ ከአስፋልቱ ዳር፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው በኩል፣ በርበሬና ቅመም ትነግዳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱን የያዘችው በዚያው ንግድ ነው። የማኅበሩ ዕለት መቀመጫ ጎደለና አግዳሚ ላመጣ ወደ ጓዳ ገባሁ። ጆንያ ተደርድሮ አየሁ። እሷም ከኋላዬ ገብታ ስለነበር ሳልጠይቃት ነገረችኝ። በሽታው ሳይገባ የገዛችው ነው። «ከገበሬው ዘንድሮ የሚመጣ የለም። ይህን ባንዴ አውጥቼ ለአንድ ሰው ብሸጠው ደኅና ብር አገኝበታለሁ። ግን ለሠርግ ወር ስንት ሰው ተስፋ አድርጎኛል። ቆንጥሬ ቆንጥሬ ለሁሉም ላዳርስ ብዬ ነው» አለችኝ። ጎበዝ አልኳት። አግዳሚውን ይዤ ወጣሁ። ጸበል ጸዲቋን ቀመስኩ፣ መረቅሁ።

እና ምን ጻፍኩ? «ፊት ለፊት ማኅበር እየደገሱ፣ ከጓዳ ጆንያ የሚደረድሩ አሉ። ቤታቸውም ከአስፋልቱ ብዙ አይርቅም» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ስም አልጠራሁም። በዚህም ኮራሁ፤ ጨዋ ጽሑፍ መሰለኝ። እኛ ጎጃሞች ነን፣ ነገር በቀጥታ መናገር ነውር ነው፤ ጠጋ ጠጋ አድርገህ ትተወዋለህ፣ ሰሚው ይጨርሰዋል። ስም ያልተጠራበት ሰው ከተጠራበት ይልቅ በግልጽ እንደሚታይ እኔ አላውቅም ነበር? እያወቅሁ ነው እንጂ!

ገበያ ቀን አነበብኩት። ጆንያ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ገበያው ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው ተቀበለው። ሰዉ ሁሉ አንገቱን ወደ አስፋልቱ ዳር አዞረ። የሻረግ ሚዛን ይዛ ቆማ ነበር። ቀና ብላ ድምፅ ማጉያውን አየች፤ እኔን ሳይሆን እሱን። ያነበብኩትን እስከ መጨረሻው ዘለቅሁት። ድምፄም አልተንቀጠቀጠም።

መስኮት የሰበረባት የለም። የሰደባትም የለም። በእኛ አገር እንደዚያ አይደረግም። ፊት ነሷት፤ በቃ። ደንበኞቿ ሱቋን አልፈው ሌላ ጋ ሄዱ፤ ሌላው ጋ በርበሬ ስለሌለ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ እሷ ጋ ግን አልገቡም። ጎረቤት እሳት መጫር ተወ። የሚቀጥለው ተራዋ ሲደርስ እንደ ወጉ ጠላ ጠመቀች፣ ዳቦ ጋገረች። ቄሱ መጡ። ሁለት አሮጊቶች መጡ። ሌላው ሁሉ ምክንያት አገኘ። እኔም ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ራሴን አላመመኝም። የተደገሰው ድግስ ቤተ ክርስቲያን በር ለተቀመጡ የኔ ቢጤዎች ሄደ።

ሽማግሌ ላከችብኝ። ደግሞ ምን ታድርግ? ዋርካው ሥር ተቀመጥን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «እስቲ ልጄ፣ ስሟን ጠርተሃል?» አሉኝ።

«ኧረ አልጠራሁም» አልኩ።

ወደ እሷ ዞሩ። «ስምሽን ካልጠራ አንቺ ምን ብለሽ ነው የእኔ ነው ያልሽው?»

ወጥመዱን አዩት? ከሰሰች ማለት ጆንያው የእኔ ነው አለች ማለት ነው። ዝም ካለችም ጆንያው የሷ ነው። እኔ በቀጥታ ስሟን ጠርቼ ሌባ ብያት ቢሆን ኖሮ ሽማግሌው ያስክሰኝ ነበር፣ ዳኛም ይቀጣኝ ነበር፣ እሷም ቆማ ትመልስልኝ ነበር። ስም ባለመጥራቴ አፏን ለጎምኩት። ጨዋነት ያልኩት ነገር ይኸው ነበር። እሷ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «እሺ። የእኔ ካልሆነ የማን እንደሆነ ይንገረንና ልረፍ» አለች።  እኔ ጫማዬን አያለሁ። ሽማግሌዎቹ እርቅ ነው ብለው አሳሳሙን። ሳምኳት! ከማን ጋር እንደምቆጠር ብያለሁ መሰለኝ።

ክረምቱ ሳይገባ ሱቋን ዘግታ ገበዝ ማርያም፣ ቋሪት፣ ወንድሟ ጋ ገባች። እሷ ከሄደች በኋላ በርበሬ ረከሰ ብለው ያስባሉ? ጭራሽ ጠፋ። ቆንጥራ የምታዳርሰው እሷ ነበረችና። በሽታውንስ ማን ነገረ? ማንም። እኔ ነበርኩ የምነግር። ገበሬው በዚያው በታመመ ማሳ ላይ ደግሞ ተከለ፣ ደግሞም ሞተበት። በዓመቱ ቡሬ ገበያ ላይ ከአያ ሙሉ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። መሸሻ አልነበረኝም። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤቴ፣ ስለ ከብቴ ጠየቁኝ፤ ከብት እንኳ የለኝም። ከዚያ «ሳይመችዎ ቀርቶ ይሆናል» አሉኝ። እንዲህ ብቻ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ ያኔ የወተት ጥርሷን ትቀይር ነበር፤ አሁን የራሷን ልጅ ትምህርት ቤት ታደርሳለች። «የክርስትና እናቴ ለምን ሄዱ?» ስትለኝ፣ «ዘመዶቿ ጋ» እላት ነበር። ጡረታ ልወጣ ሰሞን ዕቃዬን ስሰበስብ ያንን የጤፍ መጽሔት እንደገና አገኘሁት። እንደ ዋዛ ገጹን ገለጥኩት። ከሐተታው ጀርባ፣ ከታች ጥግ ላይ፣ አጭር ዜና ነበረች፤ በዚያ ዓመት በረዶ የጤፉን አዝመራ ጠራርጎ እንደመታው ትናገራለች። እዚያው ወረቀት ላይ! በዚህኛው ፊት ጥፋተኛው ነጋዴ ነው፣ በዚያኛው ፊት በረዶ ነው። ያኔ ገጹን ገልጬው ቢሆንስ? ገልጬው ቢሆንም ያው ነበር። እኔ እኮ በረዶዬን ሄጄ በእጄ ነክቼው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የድሮ ሐተታ ሳገኝ አነብባለሁ፤ ጡረተኛ ሌላ ምን ሥራ አለው? ሁሉም የሚናገሩትን ትቼ የዘለሉትን እፈልጋለሁ። ጨው ሲወደድ መንገዱ ተቆርጦ ነበር፤ ሐተታው ስለ መንገዱ ምንም አይልም። በሬ ሲጠፋ ከብት አልቆ ነበር፤ ሐተታው ስለ በሽታው ዝም ይላል። ሁሉም ጋ ግን አንድ ሰው አለ፤ ስም የሌለው፣ ቤቱ የሚታወቅ። ይህን ካወቅሁ አይበቃኝም ነበር? ሌላው ባይማር እኔ ልማር አይገባኝም ነበር? አሁን የምነግርዎት ይብሳል። ያኛውንስ ወጣትነት ነው፣ ክብር ፍለጋ ነው እልዎት ነበር። ይህኛውን ያደረግሁት ሽበት ከወረሰኝ በኋላ ነው።

ዘንድሮ ነው። ጊዜው እንደምናውቀው ነው፤ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። መኪና ሲቀር ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ ስኳሩ ሁሉ ይጠፋል። ትዕግሥት የምትባል ልጅ የድሮ ክፍሌ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ከሌላ ከተማ የመጣች፣ ትሑት ልጅ። አንድ ከሰዓት ቤቴ መጣች። ስልኳን አውጥታ ዘረጋችልኝ። የእኔ የበርበሬ ሐተታ ነው! ከዕቃ ቤት አግኝታው ፎቶ አንሥታዋለች።

«ጋሼ፣ እንዴት ዓይነት ጽሑፍ ነው! አሁን እኮ እንዲህ የሚጽፍ የለም። ትንሽ ቀያይሬ ስለ ዘይት አደረግሁት። ፖስት ሳላደርገው እርስዎ ይዩልኝ ብዬ ነው። ደግሞ ስም አልጠራሁም፤ ኖርማል ነው።»

አነበብኩት። «ሱቃቸው ባዶ፣ ቤታቸው ጀሪካን ያጠራቀሙ፣ ከመናኸሪያው ብዙ የማይርቁ አሉ» ይላል። ምናለን ወዲያው አወቅሁት። ምናለ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ ሸቀጥ የሚሸጥ ሰው ነው፤ የማኅበራችን ሰው፣ አብሮኝ ስንት ዓመት የጠጣ። ጀሪካኑን ቤቱ የሚያሳድረው አንዴ ሱቁ ተሰብሮ ስለተዘረፈ ነው፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ትዕግሥት እንግዳ ናት፣ አታውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ። «ልጄ ተዪው፤ የጠፋው መኪናው ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንዲት ዐረፍተ ነገር!

ምን አልኩ? «ስግብግብ የሚለው አርጅቷል፤ ሌላ ቃል ፈልጊለት» አልኩ። አዎ። ቃል መረጥኩላት። ጽሑፌን ስታደንቅልኝ ልቤ ሞቀ፤ እንደገና መስኮቱ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። አንድ ዐረፍተ ነገርም አሳጥሬ አስተካከልኩላት። አመስግናኝ ሄደች። እኔ ነኝ ያስተካከልኩት። ሁለተኛም እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጽሑፉ በሰዉ ሁሉ ስልክ ላይ ነበር። ለትዕግሥት ደወልኩ። «አንሺው» አልኳት። «ጋሼ፣ ስንት ሰው ሼር አድርጎት! አሁን ባነሣውም ሰዉ ጋ ደርሷል» አለችኝ። «እንግዲያው ይቅርታ ጻፊበት» ስላት፣ «ማንን? ስም እኮ የለበትም» አለች። ጮኽኩባት። ደደብ አልኳት፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። ያቺን ልጅ ምን አድርጊ ብዬ ነው የጮኽኩባት? የራሴን አፍ ነው የመለሰችልኝ። እሷንም ይቅርታ አልጠየቅኋትም እስካሁን።

ከዚያ ወደ ምናለ መሄድ ሲገባኝ፣ ሚኒባስ ይዤ ገበዝ ማርያም ሄድኩ። ከሩቁ በደል መጀመር ይቀለኛል ብዬ መሆን አለበት። የሻረግ ከወንድሟ ደጅ ተቀምጣ ዘር ድንች ትለያለች። አርጅታለች፤ ዓይኗ ግን ያው ነው። «ማነው? አበልጄ!» ብላ ተነሣች። አበልጄ አለችኝ። ወንበር አስወጣችልኝ፤ ልጄን ጠየቀችኝ፤ ልጅ መውለዷን ስትሰማ እልል አለች። እኔ መጠበቅ አልቻልኩም፤ ሁሉንም አፈሰስኩት። የጤፉን መጽሔት፣ አለቃዬን፣ የአያ ሙሉን ማሳ፣ የበሰበሰውን ሥር።

እጇ ድንቹ ላይ ቆመ። «አይተውት ነበር?» አለችኝ።

«አይቼው ነበር። ከመጻፌ በፊት።»

የያዘችውን ድንች መሬት አስቀመጠች። «እኔ እኮ ሰው ሲጠይቀኝ ተሳስቶ ነው እል ነበር። አበልጄ ማሳውን አላየም፣ ከእኔ ይልቅ ሌላ የነገረውን አምኖ ነው እያልኩ። እዚህም ለወንድሜ እንደዚያ ነው የነገርኩት። እሱ ሊጣላዎት ሲነሣ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አለች።

ጉልበቷን ልይዝ ጎንበስ ስል እጄን መለሰችው፤ በቁጣ አይደለም፣ ዝም ብላ። ስለ ምናለም ነግሬያት ነበርና፣ «ሰውየው ሱቁ ገና ክፍት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ክፍት ይመስለኛል አልኳት። «እንግዲያ እኔ ጋ ምን ያስቀምጥዎታል?» አለችና ወደ ድንቿ ተመለሰች። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም። እኔም ደግሜ አልለመንኳትም።

ፍኖተ ሰላም ስደርስ ገበያ ቀን ነበር። ከመናኸሪያው በቀጥታ ወደ ምናለ ሱቅ ሄድኩ። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፣ የሱ ደጅ ብቻ ባዶ ነው። መደርደሪያው ተራግፏል፤ የቀረውን ሳሙና ካርቶን ውስጥ ይከታል።

«ምናለ፣ ያ ጽሑፍ የእኔ ነው» አልኩት። «የድሮ ነው፤ ያረምኩትም እኔ ነኝ። አንተን እንደሚል ገብቶኝ ነበር።»

ካርቶኑን አላስቀመጠም። «አውቄዋለሁ፤ አረማመዱ የእርስዎ ነው። ያኔ ስለ ወይዘሮ የሻረግ ሲያነቡት እኔ ገበያ መሀል ቆሜ ነበር። ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ተራዋ ሲደርስም ቤቷ አልሄድኩም» አለኝ። ቀና ብሎ አየኝ። «አምኜዎት ነበር እኮ።»

 አንባቢዬ፣ እርስዎስ ምን ይመልሱ ነበር? በሽታው ነበር፣ በረዶው ነበር፣ መንገዱ ነበር ልበለው? ያን ሁሉ እኔ አውቅ ነበር፤ ሲያስፈልገው ያልነገርኩት እኔ ነኝ። ደጅ ላይ ሰው ያልፋል፤ ወደ ውስጥ አይቶ ፍጥነት ይጨምራል። ከሚያልፉት መሀል የማውቃቸው ነበሩ፤ ለእኔ እጅ ይነሡኛል፣ እሱን እንዳላዩት ይሆናሉ። ወጥቼ «እኔ ነኝ የዋሸሁት!» ብዬ ጮኽኩ። አንዳንዶቹ ቆመው አዩኝ። «ጋሼን ምን ነካቸው?» አለ አንዱ ባለ ጋሪ፤ ፈረሱን መታ አድርጎ ሄደ። የድሮው ድምፅ ማጉያ ቢኖረኝ ኖሮ ያምኑኝ ነበር።

ምናለ ካርቶኖቹን ጋሪ ላይ ጭኖ ጨርሶ በሩን ሊዘጋ መጣ። በሩ ባለ ሁለት ክንፍ ቆርቆሮ ነው፤ አንዱ ስለተጣመመ ብቻውን አይገጥምለትም።

«ይያዙልኝ እስቲ» አለኝ።

ያዝኩለት። በትከሻዬ ገፍቼ ክንፉን ከክንፉ ጋር አገጠምኩለት፤ እሱ ቁልፉን አስገብቶ ቆለፈ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎኝ ከጋሪው ጋር ሄደ። አንባቢዬ፣ ሁሉንም ነገርኩዎት። እግዚአብሔር ይፍታህ አይበሉኝ።